ከኤሌክትሪክ ማመንጫ ወደ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር፤ ስለ ለንደኑ ባንክሳይድ ሕንጻ

ፋብሪካ አርጅቶ ሥራውን ሲያቆም ወይ ይፈርሳል፥ ወይ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ሌላ ሥራ ያገኘው ሕንጻ «ታሪኩ ተጠበቀለት» ይባላል። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር፥ በለንደን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ዳር የሚገኘውን፥ ቴት ሞደርን የተባለውን የዘመናችን ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕንጻው ባንክሳይድ በተባለው ሰፈር የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሆኖ ከ1947 እስከ 1963 ዓ.ም. በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ተሠራ። ንድፉን ያወጣው ጃይልዝ ጊልበርት ስኮት ነው፤ የእንግሊዝን ቀይ የስልክ ቤት የነደፈም እርሱ ነው። የብረቱን አጽም ከአራት ሚሊዮን በሚበልጥ ጡብ አልብሶ፥ በመካከሉ 99 ሜትር ቁመት ያለው አንድ የጭስ ማውጫ አቆመ። ቁመቱ በዚህ የተወሰነው ከወንዙ ማዶ ፊት ለፊት ከሚታየው ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት እንዳይበልጥ ተብሎ ነው። እንግዲህ ይህ ቤት ገና ሲሠራ ጀምሮ ለመልኩ እንዲጠነቀቅ የታዘዘ የኃይል ቤት ነበር። መኪናዎቹ በነዳጅ ዘይት ይሠሩ ስለ ነበረ፥ የዘይት ዋጋ ሲወደድ የማያዋጣ ሆነና በ1981 ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት አልፎ ባዶውን ቆመ። በቅርስነት እንዲመዘገብ የቀረበው ማመልከቻም ተቀባይነት አላገኘም። ስለዚህ ሕንጻውን ያዳነው ሕግ ሳይሆን ቦታ የጠበበው የቴት ሥዕል ቤት ነው። ይህም ተቋም በስኳር ንግድ በከበረው በሄንሪ ቴት ገንዘብ ተሠርቶ በ1897 የተከፈተው፥ ቀድሞ ወህኒ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ የሌላውን ስፍራ መውረስ ለእርሱ አዲስ ልማድ አልነበረም። በ1994 ባንክሳይድን መረጠ፤ ሄርዞግና ደ ሙሮን የተባሉት የስዊስ አርክቴክቶች ውድድሩን አሸንፈው ሥራውን ያዙ፤ ቤተ መዘክሩም በሜይ ወር 2000 ተከፈተ።

ጎብኚ በምዕራብ በር ሲገባ፥ ወለሉ እያዘቀዘቀ ወደ ቱርቢን አዳራሽ ያወርደዋል። አዳራሹ 155 ሜትር ርዝመትና 35 ሜትር ከፍታ አለው። ቱርቢን ግን የለበትም፤ መኪናዎቹ ተነቅለው ወጥተው ስማቸው ብቻ ቀርቷል። ይህን ባዶነት እንዲሞሉ የሥነ ጥበብ ሰዎች በየጊዜው ይጋበዛሉ። ኦላፉር ኤሊያሰን በ2003 ከቢጫ መብራትና ጣራ ላይ ከተሰቀለ መስተዋት ሰው ሠራሽ ፀሐይ ሠራ፤ ሕዝቡም ወለሉ ላይ ተጋድሞ ይመለከታት ነበር። ቀድሞ ብርሃን ወደ ከተማው ይልክ የነበረው ቤት፥ አሁን ከተማውን ብርሃን እንዲያይ ወደ ራሱ ጠራው። በእኛ አስተያየት ከቤቱ ታሪክ ጋራ በደንብ የተነጋገረው ሥራ ይህ ነው። ኮሎምቢያዊቱ ዶሪስ ሳልሴዶ ደግሞ በ2007 ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀችው፤ ስንጥቁ ኋላ ቢደፈንም ጠባሳው ቀርቷል።

ታሪኩ ተጠበቀ የሚሉት ማስረጃ አያጡም። ጡቡም ጭስ ማውጫውም በቦታቸው ናቸው፤ ከምድር በታች የነበሩት ክብ የዘይት ጋኖች እንኳ በ2012 ለትርኢት ተከፍተዋል። ይህን አናቃልልም። ነገር ግን በወለሉ ላይ ሰው የሚያሳየው ጠባሳ የሥነ ጥበብ እንጂ የመኪና አይደለም፤ በፈረቃ እሳቱን ያነደዱት፥ ቱርቢኑን የጠበቁት ሠራተኞች እነማን እንደ ነበሩ ግድግዳው አይናገርም። የተጠበቀው የሥራው ቤት ነው፤ ሥራው አይደለም። ሆኖም ቤተ መዘክሩ በ2000 ሲከፈት፥ የሕንጻው ደቡባዊ ክፍል ገና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ነበር፤ የትራንስፎርመሮቹም ጉርምርምታ እስከ አዳራሹ ድረስ ይሰማ ነበር።