በናይንቲ ሲክስ ጠረፍ የወደቀው አይሁዳዊ

በደቡብ ካሮላይና «ናይንቲ ሲክስ»፣ ማለትም ዘጠና ስድስት፣ ተብሎ በቁጥር የሚጠራ አገር አለ። ነጋዴዎች ከዚያ ተነሥተው ኪዮዊ እስከምትባለው የቼሮኪዎች ከተማ ያለውን መንገድ 96 ማይል ብለው ስለገመቱት ነው ይባላል። ግምታቸው ልክ አልነበረም፤ ስሙ ግን እንደተጣበቀ ቀረ።

በዚህ አገር ኋላ የሰፈረው ፍራንሲስ ሳልቫዶር የጠረፍ ሰው አልነበረም። በ1747 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለንደን ውስጥ፣ ከፖርቱጋል ከመጡ ባለጠጋ አይሁዶች ወገን ተወልዶ በተድላ ያደገ ነው። ሀብቱ ግን አልበረከተም። የ1755ቱ የሊዝበን የመሬት መንቀጥቀጥ ጀመረው፣ በሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የደረሰበት ኪሳራ ጨረሰው። የተረፈው አጎቱም አማቱም የሆነው ጆሴፍ ሳልቫዶር በካሮላይና የገዛው ሰፊ መሬት ነበር። ፍራንሲስ ኑሮ አደላድሎ ሊያስመጣቸው አስቦ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ለንደን ትቶ በ1773 መጨረሻ ባሕሩን ተሻገረ።

ያለማው ኢንዲጎ የተባለውን የሰማያዊ ቀለም ተክል ነው። ማሳው ላይ የሚደክሙት ግን ባሪያዎች ነበሩ። ለነጻነት ወደቀ የሚባልን ሰው ታሪክ ስናነሣ ይህን መዝለል አይገባም።

ዓመት ከጥቂት ወራት ሳይሞላው፣ ጃንዋሪ 1775 በተሰበሰበው፣ የእንግሊዝን አገዛዝ በተቃወሙት የደቡብ ካሮላይና አርበኞች ጉባኤ ለናይንቲ ሲክስ ወኪል ሆኖ ተቀመጠ። የቅኝ ግዛቱ የምርጫ ሕግ ለክርስቲያኖች ብቻ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ግን መረጡት። በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ለሕዝብ ጉባኤ የተመረጠ የመጀመሪያው አይሁዳዊ እሱ እንደሆነ ይነገራል።

ጁላይ 1776 መጀመሪያ ቼሮኪዎች በሰፋሪዎቹ ላይ ተነሡ። መሬታቸው ከእጃቸው እያለቀ ነበርና ቂማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለእንግሊዝ ንጉሥ ያደሩ ነጮችም ከጎናቸው ቆሙ። ሳልቫዶር ፈረሱን ጭኖ 30 ማይል ያህል ጋልቦ ለሻለቃ አንድሩ ዊሊያምሰን ወሬውን አደረሰ፤ ከዚያም አብሮት ዘመተ።

ኦገስት 1 ሌሊት፣ በኪዮዊ ወንዝ ዳር ኤሴኔካ በተባለች የቼሮኪ መንደር አጠገብ፣ ጦሩ ከደፈጣ ገባ። ሳልቫዶር ቆስሎ ከቁጥቋጦ መሐል ወደቀ። ጓደኞቹ ሳያገኙት ጠላት አገኘውና በሕይወቱ ሳለ የራስ ቆዳውን ከነፀጉሩ ገፈፈው። ሕሊናውን ግን አልሳተም። ዊሊያምሰን ሲደርስ የጠየቀው ስለ ቁስሉ አልነበረም፤ ጠላት ድል መሆኑን ነበር። አዎ ሲለው ደስ ብሎት እጁን ጨብጦ ተሰናበተው። ከቆሰለ 45 ደቂቃ ያህል ቆይቶ በ29 ዓመቱ ሞተ። ዊሊያምሰንም ኤሴኔካን አቃጠለ፣ እህሉንም አወደመ።

የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ በቻርልስተን በይፋ የተነበበው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ሚስቱና ልጆቹም እንደታሰበው አልመጡም።

ደቡብ ካሮላይና በ1778 አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች፤ ለምክር ቤት መመረጥ የሚችለው ፕሮቴስታንት ብቻ ነው ተባለ። ሳልቫዶር የተቀመጠበት ወንበር ለአይሁዳዊ በሕግ የተፈቀደው በ1790 ነው።