በበሬ የተጎተተው ዜሮ

ዓለም «ዜሮ» ብሎ የሚያውቀው የጃፓን ባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው በሰማይ ሳይሆን በበሬ ጋሪ ላይ ነበር። የተሠራበት የናጎያው የሚትሱቢሺ ፋብሪካ መንደርደሪያ አልነበረውምና፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1939 የመጀመሪያው ናሙና ተፈታቶ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ካጋሚጋሃራ አየር ማረፊያ በበሬዎች ተጎተተ። ጎርባጣው መንገድ በጭነት መኪና ፍጥነት ስሱን አካል እንዳይጎዳው ተሠግቶ ነው። ኤፕሪል 1 ቀን አውሮፕላኑ በረረ፤ በሬዎቹ ግን ሥራቸውን አላቆሙም። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላም ከፋብሪካ የሚወጡት አውሮፕላኖች በዚያው መንገድ ይጓዙ ነበር።

የዜሮን ሞተር የሚቀሰቅሰውም የሰው ክንድ ነበር። መካኒኩ በሞተሩ ጎን መዘውር አስገብቶ በውስጡ ያለውን ከባድ መንኮራኩር በእጁ ያሽከረክራል፤ መንኮራኩሩ በቂ ፍጥነት ሲያገኝ ከሞተሩ ጋር ይገናኛል፤ የተጠራቀመውም ጉልበት ሞተሩን ያዞረዋል። የምድር ጦሩ «ሃያቡሳ» ደግሞ በፕሮፔለሩ አፍንጫ ላይ መያዣ ነበረው፤ ከፊቱ የምትቆመው የጭነት መኪና ረጅም ዘንግ በዚያ ሰክታ በራሷ ሞተር ታዞረዋለች። ዘዴው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዛዊው አብራሪ ቤንትፊልድ ሃክስ ያፈለቀው ነው።

አውሮፕላን ካለ ምድር ምንም እንዳልሆነ ጓዳልካናል መሰከረች። እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓናውያን በዚያች ደሴት የጀመሩት መንደርደሪያ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ኦገስት 7 ቀን አሜሪካውያን ደረሱ። በማረኩት የጭነት መኪናና መዳመጫ ያንኑ ሥራ ፈጽመው፣ ኦገስት 20 ቀን የራሳቸውን ተዋጊዎች አሳረፉበት። ያ ሁሉ የጃፓናውያን ላብ ለጠላት ክንፍ ማረፊያ ሆነ።

የመሬት ሠራተኛው ዕጣ ከሁሉ ይልቅ የታየው በራባውል ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1944 የባሕር ኃይሉ አውሮፕላኖች ከዚያ ሲወጡ፣ ብዙ መካኒኮች እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ እዚያው ቀሩ። ሊጠግኑት የተላኩት ነገር ከእጃቸው ሄዶ ነበር። እነርሱ ግን ከስብርባሪው ክንፍ ከዚህ፣ ሞተር ከዚያ እያወጡ ጥቂት ዜሮዎችን ዳግም ሠሩ። ታሪክ የአብራሪዎችን ስም በብዛት መዝግቧል፤ መዘውሩን ያዞረው እጅ ግን ስሙ ሳይጠራ እዚያው ደሴት ላይ ቀረ።