ማኛው ለገበያ፣ ቅይጡ ለቤት

ቶሮንቶ ውስጥ የአገር ልጆች ተሰብስበው ምሳ ሲቀርብ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ «ንጹሕ ጤፍ ነው ወይስ ድብልቅ?» ድብልቅ ከተባለ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አይጠፉም። ድብልቅ የስደት እንጀራ፣ ንጹሕ ጤፍ የአገር ቤት እንጀራ ነው ብለው ከፍለውታል።

እኔ ያደግሁት ሉማሜ ነው፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ። አገሩ የጤፍ አገር ነው። ነጩን ማኛ ግን ከምንበላበት ቀን ሲጫን የምናይበት ቀን ይበዛ ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብር፣ የልጅ ደብተርና ልብስ የሚወጣው ከእሱ ነው። ለቤት የሚቀረው ሠርገኛው ወይም ቀዩ ነው፤ ክረምት ሲከብድ እሱም ገብስ፣ በቆሎ፣ ከቆላ የመጣ ማሽላ እየተጨመረበት ይበረክታል። ማኛ የሚጋገረው ለዓመት በዓልና ለእንግዳ ነበር።

እንጀራ ካናዳ ውስጥ ሥር የሰደደውም በዚሁ በማብቃቃት ብልሃት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡት ጤፍ የሚሸጥበት ሱቅ አላገኙም። ከእነሱ እንደሰማሁት የስንዴ፣ የገብስና የሩዝ ዱቄት ይቀላቅላሉ፤ ዓይን እንዲያወጣ ቤኪንግ ፓውደር የገባበት ዱቄት ወይም ጋዝ ያለው ውሃ ይጨምራሉ። ምጣድ ስላልነበረ በመጥበሻ ላይ የምትወጣው እንጀራ ከሰሃን አትበልጥም። ኋላ ላይ መፍትሔው ካልታሰበ ቦታ መጣ። አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ቤታኒ የተባለ ፋብሪካ፣ ኖርዌጂያውያን «ለፍሰ» ለሚሉት የድንች ቂጣ የሚሆን ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራል። የእኛ ሴቶች አዩትና ወረሱት።

ጤፉም ከዚያው ከአሜሪካ መጣ። በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ በጤና ሥራ ላይ የነበረው ዌይን ካርልሰን አገሩ ተመልሶ አይዳሆ ግዛት ውስጥ ጤፍ መዝራት ጀመረ፤ ዱቄቱም «መስቀል» በሚል ስም ገበያ ወጣ። ኢትዮጵያ በበኩሏ የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች፤ ክልከላውን ያላላችውም በ2015፣ ለተወሰኑ ሰፋፊ እርሻዎች ብቻ ነው። የተጋገረ እንጀራ ግን አልተከለከለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ወደ ቶሮንቶ መብረር ከጀመረ ወዲህ ዘመድ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሻንጣው ይዞት ይመጣል። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ በግሪንውድ አካባቢ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ አጠገብ ያሉት ሱቆች ደግሞ እዚሁ የተጋገረውን በላስቲክ አሽገው ይሸጣሉ።

እኔ ቤቴ እጋግራለሁ። ቀይ ጤፍ ከካናዳ ገብስ ጋር እቀላቅላለሁ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ እንጀራውም አይከዳኝም። የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። ጥር ላይ ሊጡ ኩፍ ሊል ስለማይፈልግ መብራቱ ብቻ የበራ ምድጃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ያቀረረውን ውሃ ደፍቼ አብሲቱን ስመልስበት የሚወጣው ሽታ የእናቴ ጓዳ ሽታ ነው። የዳንፎርዝ ምግብ ቤት ነጭ እንጀራ ግን ሠርግ ቤት እንጂ ቤታችንን አስታውሶኝ አያውቅም።

ካናዳውያንም «የባህል ምግባችን» የሚሉት ብዙው የችግር ልጅ ነው። የአገሩ ተወላጆች ባነክ የሚሉት ዳቦ የስኮትላንድ ነጋዴዎች ያመጡት ነበር። መሬታቸውን ተነጥቀው በተከለለ ቦታ ሲሰፍሩና አደን ሲርቃቸው፣ መንግሥት በሚሰፍርላቸው ዱቄትና ስብ እየጋገሩት የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ ያለ እሱ ድግስ የለም። ኩቤኮች የሚኮሩበት ፑቲንም በ1950ዎቹ ከገጠር መንገድ ዳር ምግብ ቤቶች የወጣ ጥብስ ድንች፣ ትኩስ አይብና መረቅ ነው፤ የከተማ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲያፍርበት ኖሯል። ስለዚህ ድብልቅ እንጀራ ለምን እንደሚያሳፍረን አይገባኝም። ንጹሕ ጤፍ የሚመርጥ ይምረጥ፤ አገር ቤት ሁሉም ሰው የሚበላው እሱን ነበር የሚለውን ግን አልቀበልም።

ልጆቼን ይዤ ሉማሜ የሄድኩ ጊዜ እናቴ ማኛ አስጋግራ ጠበቀችን። ልጆቹ ቀመስ ቀመስ አድርገው ተዉትና ጓዳ ገብተው ለቤተሰቡ የተጋገረውን ቅይጥ አገኙ። «የቤታችን እንጀራ!» ብለው ይዘውት ሲወጡ እናቴ ደነገጠች።

«ኧረ በሕግ! ለእንግዳ ቅይጥ አቅርቤ ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«እማማ፣ እኛ እንግዳ አይደለንም» አለቻት ትንሿ፣ አፏ እንደሞላ። እናቴም ሳቀችና ሽሮ ጨመረችላት።