ፕሮሰሰርን በገዛ እጅ መለወጥ፦ ከባዶው ሶኬት እስከ ትንሿ ማንሻ

አንድ ባለንብረት የጠረጴዛ ኮምፒዩተሩን ሽፋን ከፍቶ ፕሮሰሰሩን፣ ይኸውም የመሣሪያውን ዋና የስሌት ክፍል፣ አንሥቶ በሌላ መተካቱ ዛሬ እንደ ተራ ነገር ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ይህ ችሎታ ከመሣሪያው ጋር አብሮ አልተወለደም። ቀስ በቀስ የተገኘ፣ አንዳንድ ጊዜም ከአምራቹ ፈቃድ ውጭ የተገኘ፣ ደግሞም በየጊዜው የተነጠቀ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተሩን በኦገስት 1981 ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ፣ በማዘርቦርዱ ላይ 8088 ከተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር አጠገብ አንድ ባዶ ሶኬት ነበር። ቦታው የተተወው 8087 ለተባለው የሂሳብ ረዳት ነው። ሥራው በምሕንድስና ስሌት ላይ የተመሠረተ ሰው ይህን ረዳት ለብቻው ገዝቶ ሲሰካ፣ ፕሮግራሙ ለዚሁ የተዘጋጀ እስከሆነ ድረስ፣ የአሥርዮሽ ቍጥሮች ስሌት በብዙ እጥፍ ይፋጠንለት ነበር። ዋናውን ፕሮሰሰር ስለ መለወጥ ግን አምራቹ የተናገረው ነገር አልነበረም።

ያንን በር የከፈተው ሌላ ነው። የጃፓኑ ኤን.ኢ.ሲ. በ1984 ቪ20 የተባለ ፕሮሰሰር አወጣ። እግሮቹ እንደ 8088 እግሮች 40 ሲሆኑ አቀማመጣቸውም ያው ነበረ። ስለዚህ ባለንብረቱ አሮጌውን በጥንቃቄ ፈልቅቆ አዲሱን በዚያው ሶኬት ይተካ ነበር። የተገኘው ፍጥነት መጠነኛ ቢሆንም፣ አንድ የግል ኮምፒዩተር ልቡ ተለውጦለት እንደገና ሊሠራ እንደሚችል በተግባር ታየ። ነገሩ ያለ ክርክር አላለፈም፤ ኢንቴል የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ትእዛዛት ተገልብጠውብኛል ሲል ኤን.ኢ.ሲ. ደግሞ አልገለበጥኩም አለ። የካሊፎርኒያው ፍርድ ቤት በ1989 በሰጠው ውሳኔ እንደነዚህ ያሉ ትእዛዛት በቅጂ መብት ሊጠበቁ እንደሚችሉ ተቀብሎ፣ ኤን.ኢ.ሲ. ግን የኢንቴልን መብት አልጣሰም አለ።

በዚያው ዓመት ኢንቴል 1.2 ሚሊዮን ትራንዚስተሮችን የያዘውን 486 አቀረበ። እግሮቹ 168 ነበሩ። ያን ሁሉ እግር በተራ ሶኬት ውስጥ ለማስገባት በአሥር ኪሎዎች የሚቈጠር ጫና ያስፈልግ ስለነበር፣ ማዘርቦርዱ እስኪጎብጥ የሚጫን እጅ መሣሪያውን ሊሰብረው ይችል ነበር። መፍትሔው በሶኬቱ ጎን የተገጠመች አንዲት ማንሻ ሆነች። ማንሻዋ ስትነሣ ቀዳዳዎቹ ይላላሉ፤ ፕሮሰሰሩ በራሱ ክብደት ይገባል፤ ስትወርድ እግሮቹ ይያዛሉ። ከፍጥነት አሐዞች ይልቅ ለባለንብረቱ ነጻነት የበለጠ የሠራችው ምናልባት ይህች ቀላል ዘንግ ናት።

የዚያን ዘመን የንግድ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚገልጠው በ1991 የሆነው ነው። ኢንቴል በዋጋ ረከስ ያለ 486ኤስኤክስ አወጣ። በመጀመሪያዎቹ ዘንድ የሂሳቡ ክፍል በውስጡ ሳለ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። ኋላ ሂሳብ የሚያስፈልገው ገዢ 487ኤስኤክስ የተባለውን «ረዳት» እንዲገዛ ተጋበዘ። ይህ ረዳት ግን ረዳት አልነበረም፤ አንድ ተጨማሪ እግር የተጨመረለት ሙሉ 486 ነበር። በባዶው ሶኬት ሲሰካ ዋናው ሥራ እንዲያቆም ምልክት ይሰጠውና ሥራውን በሙሉ ራሱ ይረከባል። ገዢው ሁለት ፕሮሰሰር ከፍሎ በአንዱ ብቻ ይገለገል ነበር ማለት ነው፤ ሌላው እዚያው ጎረቤቱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ይህ ቢነቀፍም የተጠራው ሶኬት ለበጎ ዋለ። በ1992 ኢንቴል ኦቨርድራይቭ የተባለውን ፕሮሰሰር ለተራው ባለንብረት ሸጠ። ማዘርቦርዱ በ25 ሜጋኸርዝ ምት ሲሄድ ፕሮሰሰሩ በውስጡ በ50 ይሠራል። ማስታወሻውና ሌላው ክፍል በቀድሞ ፍጥነታቸው ስለሚቀሩ ትርፉ እጥፍ አይሆንም፤ ቢሆንም አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት ይቀላል። ለብዙ ሰው የመጀመሪያው የፕሮሰሰር ለውጥ ይህ ነበር፦ ገመዱን ከመብራት መንቀል፣ የሰውነትን የኤሌክትሪክ ሙላት ብረት በመንካት ማራገፍ፣ የፕሮሰሰሩን ምልክት ያለበትን ማዕዘን ከሶኬቱ ማዕዘን ጋር ማስተካከል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሶኬት 7 በተባለው ላይ የኢንቴል፣ የኤ.ኤም.ዲ.ና የሳይሪክስ ፕሮሰሰሮች ተራ በተራ ይሰኩ ነበር። በአንጻሩ ተጠቃሚው ጃምፐሮችን በራሱ ማስቀመጥ ነበረበት፤ 2.8 ቮልት ለሚፈልገው ፔንቲየም ኤም.ኤም.ኤክስ. በስሕተት 3.3 ቮልት መስጠት አደገኛ ነበር። ኢንቴል በ1997 ፔንቲየም ቱን ይዞ ወደ ስሎት 1 ሲሻገር ግን የጋራው ቦታ ተከፈለ፤ አዲሱ መሰኪያ ለተወዳዳሪዎች ክፍት አልነበረምና። ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ኢንቴል ራሱ ወደ ሶኬት ተመለሰ፤ የጋራነቱ ግን አልተመለሰም።

ተመሳሳዩ ጉዳይ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ተነሣ። ኤ.ኤም.ዲ. በ2020 አዲሶቹን ራይዘን ፕሮሰሰሮች በቀድሞዎቹ የኤ.ኤም.4 ማዘርቦርዶች ላይ አይሠሩም ብሎ ነበር፤ ምክንያቱም ማዘርቦርዱ የሚነሣበትን ፕሮግራም የያዘው ማስታወሻ መጠኑ ማነሱ ነው ተባለ። ገዢዎቹ ተቃወሙ። ኩባንያው በዚያው ወር ለ400 ተከታታይ ማዘርቦርዶች ሐሳቡን ለወጠ፤ በ2022 ደግሞ ለ300ዎቹ ፈቀደ። ስለዚህ በ2017 የተገዛ ማዘርቦርድ ፕሮግራሙ ብቻ ታድሶለት፣ ማንሻዋ ተነሥታ፣ ከእርሱ ዓመታት በኋላ የተሠራውን ፕሮሰሰር ተቀበለ።