ከጾም ማዕድ የወጣ ቅቤ

ገበያ ወጥተን «ለውዝ» ብንል የሚሰፈርልን ኦቾሎኒ ነው። የአሮን በትር ያፈራችው፣ ኤርምያስም በራእይ ያየው ለውዝ ግን ሌላ ነው፤ ቅጠሉ ሳይወጣ የሚያብብ የእስያ ዛፍ። የዱሩ ፍሬ መራራና መርዛም ነበር፤ ሰው ጣፋጩን እየመረጠ ተክሎ አላመደው። ከ3,300 ዓመት በፊት በተቀበረው በግብፁ ፈርዖን በቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ ሳይቀር ለውዝ ተገኝቷል።

ለለውዝ «ቅቤ» የሚል ስም ያሰጠው ግን በእኔ እምነት ጾም ነው። በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ በዐቢይ ጾም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ክልክል ነበር። የባለጠጎች ወጥ ቤቶች ለውዙን በፈላ ውሃ ልጠው፣ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው ሲያጠልሉት ወተት ይወጣው ነበር። በ1390 ገደማ የእንግሊዙ ንጉሥ የዳግማዊ ሪቻርድ ወጥ ሠሪዎች ያጠናቀሩት «ፎርም ኦቭ ኪዩሪ» የተባለው የምግብ አሠራር መጽሐፍ በዚህ ወተት የተሞላ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ወተቱን አፍልተው ኮምጣጤ ጠብ ያደርጉበታል፤ ሲቋጠር በጨርቅ አንጠልጥለው ያጠነፍፉትና የለውዝ ቅቤ ይሉታል። ድሃው ይህን አያገኝም፤ ለውዝ ከሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበርና። በፈረንሳይ ሩዋን ካቴድራል ያለው ግንብ «የቅቤ ግንብ» የተባለው፣ በጾም እውነተኛውን የላም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የፈለጉ ሰዎች በከፈሉት ገንዘብ ተሠራ ስለሚባል ነው።

በስፔኗ ካታሎኒያ ለውዝ ከነጭ ሽንኩርትና ከዳቦ ጋር ተወቅጦ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመራል። በሞሮኮ፣ ሱስ በተባለው አካባቢ፣ የተቆላው ለውዝ በድንጋይ ተፈጭቶ ከአርጋን ዘይትና ከማር ጋር ሲለወስ አምሉ ይሆናል፤ በዳቦ ይበላል። የዛሬው የለውዝ ቅቤ የቅርብ ዘመዱ ይሄ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሃርቪ ኬሎግ፣ ሥጋ የማይበላበት የአድቬንቲስቶች ማገገሚያ ኃላፊ፣ በ1895 ለለውዝና ለኦቾሎኒ መሰል ፍሬዎች ቅቤ የባለቤትነት መብት ጠየቀ። ዛሬ ከዓለም ለውዝ 80 በመቶ ያህሉ የሚመጣውም ከዚያው አገር፣ ከካሊፎርኒያ ነው።

የለውዝ ቅቤ አሠራር ትዕግሥት ይፈልጋል። ለውዙ ሳያርር ይቆላል፤ ሳይቀዘቅዝ ይፈጫል። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጓጉላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ውሃ ይጨምርና ያበላሸዋል። የፍሬው ግማሽ ያህል ዘይት ነው፤ መፍጫውን እያሳረፉ ቢቀጥሉ ራሱ ይለሰልሳል። ለወጥ ሲሆን በለብታ ውሃ በጥብጦ መጨረሻ ላይ መጨመር ነው፤ ቶሎ ከገባ ከድስቱ ሥር ይይዛል።

የእናቶቻችን ሱፍም ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል፣ የእነዚያን የአውሮፓ ወጥ ሠሪዎች መንገድ ይከተላል፤ ምክንያቱም ያው ጾም ነው። የእነሱ ሙያ እኛ ዘንድ የደረሰው የጻፈው ስላለ ነው። ሁዳዴ ሲገባ፣ አንባቢ ሆይ፣ እናትህ አጠገብ ተቀመጥና የሱፉን ልክ ጻፍ።