ከቴሌቪዥን የተረፉ መጻሕፍት

ሥነ ጽሑፍን የላይኛውና የታችኛው ብሎ መክፈል በየአገሩ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ አከፋፈል መሠረት ከቴሌቪዥን ድራማ ተገልብጠው፣ በስስ ሽፋን ተጠርዘው፣ ለልጆች የኪስ ገንዘብ በሚመች ዋጋ የሚሸጡ ትንንሽ መጻሕፍት ከቁም ነገር አይቆጠሩም። ሐያስያን አልፈዋቸው ይሄዳሉ፤ መምህራንም ከተማሪ እጅ ሲያገኟቸው «ደኅና መጽሐፍ አንብብ» ማለታቸው የተለመደ ነው። በብሪታኒያ «ዶክተር ሁ» ከተባለው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ጋር ተያይዘው የታተሙት መጻሕፍትና የአንባብያናቸው ታሪክ ግን ይህ ፍርድ ምን ያህል የችኮላ እንደሆነ ያሳያል።

«ዶክተር ሁ»፣ ማለትም «ዶክተር ማን?»፣ በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለታሪኩ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ከውጭ ስትታይ የፖሊስ ስልክ ማነጋገሪያ ሣጥን በምትመስል መንኮራኩር በዘመንና በጠፈር ውስጥ የሚመላለስ መንገደኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ የጉዞ ጓደኞቹ ሁለት መምህራን ነበሩ፤ አንደኛዋ የታሪክ፣ ሌላው የሳይንስ። ድራማው ሲታቀድ ልጆችን እያዝናና እንዲያስተምር ታስቦ ስለነበር የሙያቸው ምርጫ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

በ1964 የድራማው የመጀመሪያ የጽሑፍ አዘጋጅ የነበረው ዴቪድ ዊተከር፣ ዳሌክ የተባሉት ጨካኝ ፍጥረታት የታዩበትን ታሪክ ወደ ልብ ወለድ ለወጠው። መጽሐፉ ገና ከመነሻው ከድራማው ጋር ተለያየ። በድራማው ሁለቱ መምህራን የአንዲት ተማሪያቸው ነገር ግራ ቢያጋባቸው እስከ መኖሪያዋ ተከትለዋት ከመንኮራኩሯ ይደርሳሉ። በመጽሐፉ ግን ታሪኩን በራሱ አንደበት የሚተርከው ኢያን ቼስተርተን፣ ጭጋግ በሸፈነው ጎዳና ላይ የመኪና አደጋ ያጋጥመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይከተላል። ያንኑ ጅምር ሁለት ሰነዶች በሁለት መንገድ ተረኩት ማለት ነው። ለጊዜው ይህ ያስጨነቀው ሰው አልነበረም።

በዚያን ዘመን የቴሌቪዥን ድራማ እንደ መድረክ ቲያትር ይታይ ነበር፤ አንዴ ወይም ሁለቴ ከታየ በኋላ ሥራው አበቃ። ቴፕ ውድ ስለነበር በላዩ ላይ ሌላ ዝግጅት ይቀረጽበታል። ከ1967 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ብዙ የ«ዶክተር ሁ» ቴፖች ተደመሰሱ፤ ለውጭ አገር ሽያጭ የተዘጋጁት የፊልም ቅጂዎችም ተጣሉ። እስከ አሁን ምስላቸው ያልተመለሰው ክፍሎች ወደ አንድ መቶ ይጠጋሉ። ድምፃቸው የተረፈው፣ ያለ ማንም ትእዛዝ በየቤታቸው ቴፕ ሪኮርደር ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው በቀረጹ ወጣት ተመልካቾች ትጋት ነው። ታሪካቸውን በእጅ የሚያዝ ንብረት ያደረጉት ደግሞ እነዚያ የተናቁት መጻሕፍት ናቸው።

በ1973 «ታርጌት» በሚል መለያ የሚያሳትም ድርጅት ሦስቱን ቀደምት መጻሕፍት እንደገና አወጣ፤ ከ1974 ጀምሮም አዳዲሶችን አከታተለ። ከስድሳ በላይ የሚሆኑትን የጻፈው ከ1968 እስከ 1974 የድራማው የጽሑፍ አዘጋጅ የነበረው ቴራንስ ዲክስ ነው። የዲክስ አጻጻፍ ጌጥ የለውም፤ በኋላ ከጻፋቸው አንዳንዶቹም ቃለ ተውኔቱን ከመገልበጥ ብዙም አይርቁም። ሆኖም ዓረፍተ ነገሩ ግልጽ፣ ትረካው ፈጣን ስለነበር በ2019 ባረፈ ጊዜ በርካታ ደራስያን ማንበብን የለመዱት በእርሱ መጻሕፍት እንደነበር መስክረውለታል።

ከሁሉ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ግን ማልኮም ሀልክ ነው። በአንድ ወቅት የብሪታኒያ ኮሙኒስት ፓርቲ አባል የነበረው ይህ ጸሐፊ በ1974 «የዋሻው ጭራቆች» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ። በ1970 የታየው ድራማ፣ ከሰው ልጅ በፊት ምድርን ይገዙ የነበሩ ተሳቢ መሰል ፍጡራን ከረዥም እንቅልፋቸው ነቅተው ከሰዎች ጋር ሲጋጩ የሚያሳይ ነው። በድራማው ፍጡራኑ የግል ስም እንኳ የላቸውም። ሀልክ ግን ስም ሰጣቸው፤ መጽሐፉንም የጀመረው በእነርሱ ዓይን ነው። ኦክዴል የተባለው አዛውንት አንዲት ትንሽ ፕላኔት ወደ ምድር ስትቀርብ አይቶ፣ ሕዝቡ ከጥፋት ለመትረፍ ወደ ከርሠ ምድር ሲወርድ የሚሰማውን አንባቢው ይካፈላል። በመሆኑም የሰው ጦር ዋሻውን በፈንጂ ሲዘጋ፣ ልጅ አንባቢ የሚያዝነው ለተቀበሩት ነው። ርዕሱ «ጭራቆች» ይላል፤ ጭራቁ ማን እንደሆነ ግን መጽሐፉ አይናገርም። በዚያው ዓመት ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ በሩቅ ፕላኔት አፈር የሚገፉ ሰፋሪዎችንና መሬቱን ለመንጠቅ የሚያሸብራቸውን የማዕድን ኩባንያ አፋጠጠ። ይህ ሁሉ የተነገረው በልጆች መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ነው።

አንባብያኑም ዝም ብለው የሚቀበሉ አልነበሩም። በ1976 የድራማው አፍቃሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ በማባዣ መኪና የሚባዙ መጽሔቶች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ጀመር። በእነዚህ ገጾች እያንዳንዱ መጽሐፍ ይተቻል፤ ከድራማው የቀነሰውና የጨመረው ይመረመራል። ማመሳከሪያው በጠፋበት ይህ ቀላል አልነበረም። ለምሳሌ የ1967ቱን «የሳይበርሜን መቃብር» አብዛኞቹ ወጣቶች የሚያውቁት በ1978 ከታተመው መጽሐፍ ነበር። በ1992 ከሆንግ ኮንግ የተገኘው ፊልም ለእይታ ሲበቃ፣ በሐሳባቸው ግዙፍ ሆኖ የቆየው መቃብር በጠባብ ስቱዲዮ የተሠራ መሆኑን አይተው ቅር የተሰኙ ነበሩ።

ድራማው በ1989 ተቋረጠ። ወደ መጽሐፍ የሚገለበጠው ታሪክም እያለቀ ሄደ። ታርጌትን የወረሰው «ቨርጂን» የተባለው አሳታሚ በ1991 «አዲሶቹ ጀብዱዎች» በሚል ርዕስ ፈጽሞ አዳዲስ ልብ ወለዶችን ማውጣት ያዘ። አርታኢው ፒተር ዳርቪል ኢቫንስ ያሳለፈው ውሳኔ ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው፤ ይኸውም ከዚያ በፊት ምንም ያላሳተሙ አንባብያን ጭምር ረቂቃቸውን እንዲልኩ በሩን ከፈተ። ፖል ኮርኔል የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያሳተመው በዚህ በር ገብቶ ሲሆን፣ ሐሳቡንም ያመጣው ቀድሞ ለአፍቃሪዎች መጽሔት ከጻፈው ነው። አውስትራሊያዊቷ ኬት ኦርማን በ1993 በዚህ ተከታታይ የመጀመሪያዋ ሴት ደራሲ ሆነች።

ክርክሩ ከበፊቱ ከረረ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ዶክተሩን ወደ ጥንታዊቷ ኡሩክ፣ ወደ ጊልጋመሽ ዘመን ቢወስደውም፣ ለአዋቂ ብቻ የሚሆን ነገር ገብቶበታል ተብሎ ተወቀሰ። አንዱ ወገን የድራማው የጥንት መልክ ይጠበቅ አለ፤ ሌላው ልብ ወለድ ቴሌቪዥን የማይደፍረውን ካልደፈረ ለምን ይጻፋል አለ። ከዚህም ጋር አሮጌው ጥያቄ ተነሣ፦ ከሁሉም ታሪኮች «በእርግጥ የተፈጸመው» የትኛው ነው? የተከራካሪዎቹ ቃል የአማርኛ አንባቢ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው «ቀኖና» ነው። ቃሉን ለልብ ወለድ ማዋል ከሼርሎክ ሆልምስ አንባብያን የመጣ ሲሆን፣ በኋላ ቄስ የሆነው ሮናልድ ኖክስ በ1911 ያቀረበው ቀልድ አዘል ጽሑፍ እንደ መነሻ ይጠቀሳል። ቅዱሳት መጻሕፍትን ሰማንያ አንድ ብሎ ለሚቆጥር አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ አንዱ የሚቀበለውን መጽሐፍ ሌላው ከቀኖና ውጭ እንደሚያደርገው ያውቃልና። የ«ስታር ዎርስ» ባለንብረቶች በ2014 የብዙ ዓመታት መጻሕፍትን በአንድ መግለጫ ከዋናው ታሪክ አስወጥተዋል። ቢ.ቢ.ሲ. ግን እንዲህ ያለ ፍርድ አልሰጠም፤ ኮርኔልም በ2007 ባወጣው ጽሑፍ ፈራጅ ባለሥልጣን በሌለበት ቀኖና የሚባል ነገር የለም ሲል ተከራክሯል።

የኮርኔል አቋም ከራሱ ሥራ የመነጨ ይመስላል። በ1995 ባሳተመው «የሰው ባሕርይ» ዶክተሩ ማንነቱን ረስቶ በ1914 በአንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ተራ መምህር ሆኖ ይኖራል፤ ይወዳልም፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥላ በተማሪዎቹ ላይ አጥልቷል። ራስል ቲ. ዴቪስ ደግሞ በ1996 «የተበላሸ ዕቃ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ጠፈሩን ትቶ በ1987 የብሪታኒያ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች መንደር ውስጥ የሚኖሩ ድሆችን ሕይወት ገለጠ። ከቤተሰቦቹ አንዱ ታይለር ይባላል።

በ1997 ቢ.ቢ.ሲ. የኅትመት ፈቃዱን ከቨርጂን ነሥቶ መጻሕፍቱን ራሱ ማሳተም ጀመረ። አንባብያን ያቀኑትን ቤት ባለመሬቱ ተረከበው ማለት ይቻላል። ይሁንና ኮርኔል የፈጠራት የአርኪዮሎጂ ምሁር በርኒስ ሰመርፊልድ ንብረትነቷ የደራሲዋ ስለነበር፣ ቨርጂን ያለ ዶክተሩ የእርሷን ጀብዱዎች እስከ 1999 ማተም ቀጠለ።

ድራማው በ2005 ወደ ቴሌቪዥን ሲመለስ መሪ ጸሐፊው ራስል ቲ. ዴቪስ ነበር። አዲሲቱ የዶክተሩ ጓደኛ በኪራይ ቤቶች መንደር የምትኖር፣ በሱቅ ሠራተኝነት የምትተዳደር ልጅ ናት፤ ስሟም ሮዝ ታይለር። በ2007 ኮርኔል «የሰው ባሕርይ»ን ራሱ ለቴሌቪዥን አሰናዳው፤ ዘመኑን በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ፣ የዶክተሩንም የመደበቅ ምክንያት ለውጦ። በ2018 የታርጌት መለያ በአዳዲስ መጻሕፍት ሽፋን ላይ እንደገና ታየ። ዴቪስ የ2005ቱን የመክፈቻ ክፍል «ሮዝ»ን ወደ ትንሽ መጽሐፍ ገለበጠው፤ አብረው ከወጡት አንዱን የጻፈው ኮርኔል ነው።