የኢስትሮጅን ተቀባይ ጂን ሜቲሌሽን በጡት ካንሰር

የኢኤስአር1 ጂን ሜቲሌሽን የኢስትሮጅን ተቀባይ አልፋ የሚሠራበትን ጂን፣ የዲኤንኤው ቅደም ተከተል ሳይለወጥ፣ ዝም የሚያሰኝ ኤፒጄኔቲክ ለውጥ ነው። ጂኑ በ6ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ ይገኛል። ከ10 የጡት ካንሰሮች 7 ያህሉ ተቀባዩ ስላላቸው እንደ ታሞክሲፈን ባሉ ሆርሞን ተኮር መድኃኒቶች ይታከማሉ። ተቀባዩ የሌላቸው ዕጢዎች ለእነዚህ መድኃኒቶች ምላሽ አይሰጡም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማገርሸት ዕድላቸውም ከፍ ይላል።

አሠራር

ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ቡድን በጂኑ መነሻ አካባቢ ባሉ፣ ሳይቶሲን በተባሉ የዲኤንኤ ፊደላት ላይ ይለጠፋል። ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው፣ ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች አሴቲል የተባለ ኬሚካላዊ ቡድን ሲነሳባቸው ደግሞ ጥቅልሉ ይጠብቃል፤ ጂኑን የሚያነቡ ፕሮቲኖችም መግቢያ ያጣሉ።

መንስኤ ወይስ ውጤት?

እ.ኤ.አ. በ1994 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ተቀባዩን ያጡ የጡት ካንሰር ሴሎች በዚህ ጂን ላይ ሜቲሌሽን እንደሚበዛባቸው አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ኤምዲኤ-ኤምቢ-231 የተባሉትን፣ ተቀባይ አልባ ሴሎች፣ ሜቲሌሽንን በሚገታ መድኃኒት ሲያክሟቸው ተቀባዩ እንደገና ተመረተ። ይህም ጂኑ የተዘጋው በሜቲሌሽኑ ነው የሚለውን ግምት አጠናከረ። ይሁን እንጂ በ2000 የታተመ ጥናት የሂስቶን አሴቲልን የሚያነሱ ኢንዛይሞችን ብቻ በመግታት፣ ሜቲሌሽኑ እንዳለ ሆኖ፣ ጂኑን በከፊል ማንቃት ተችሏል ይላል። አንዳንድ ተቀባይ ያላቸው ዕጢዎችም ሜቲሌሽን ይታይባቸዋል። ስለዚህ ሜቲሌሽኑ ጂኑን መጀመሪያ የሚዘጋው ሳይሆን በሌላ ምክንያት የተዘጋውን የሚያጸናው ሊሆን ይችላል። ክርክሩ ለታማሚዎች ትልቅ ትርጉም አለው፤ ዝም ያለ ጂን እንደ ጠፋ ጂን አይደለምና፣ ተመልሶ ከተከፈተ የሆርሞን ሕክምና በር ሊከፈት ይችላል። ተስፋው ግን እስካሁን በአብዛኛው በቤተ ሙከራ ሴሎች ላይ የተመሠረተ ነው።

የበሽታውን ሂደት መተንበይ

በ2004 የታተመ ጥናት ታሞክሲፈን በወሰዱ ታማሚዎች ላይ የኢኤስአር1 ሜቲሌሽን የሕክምናውን ምላሽ ከተለመደው የተቀባይ ምርመራ በተሻለ እንደሚጠቁም ዘግቧል። ሆኖም የመለኪያ ዘዴዎችና የሚመረመረው የጂን ክፍል ከጥናት ጥናት ስለሚለያዩ ውጤቶቹን ማነጻጸር ያስቸግራል። ሐኪሞች አሁንም ሕክምና የሚመርጡት ፕሮቲኑን በቲሹ ላይ በማቅለም በሚያሳየው ምርመራ ነው።

የፕሮጄስትሮን ተቀባይ

የፕሮጄስትሮን ተቀባይ ጂን በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ተቀባዩን ባጡ አንዳንድ ዕጢዎች ላይ ተመሳሳይ ሜቲሌሽን ታይቷል።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በአዲስ አበባ ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት አብዛኞቹ ዕጢዎች የኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳላቸው አመልክቷል። ይህ በርካታ ታማሚዎች ከሆርሞን ሕክምና ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ስለሚያሳይ የተቀባይ ምርመራን ማስፋፋት አስፈላጊ ነው።